ባዶውን የላውንደሪ ሕንጻ እንግዛው ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄው የመጣው በሲያትል የአንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ገንዘብ ያዥ ከሆኑ እህት ነው። ማኅበሩ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ አለ፤ ለአረጋውያንና አዲስ ለሚመጡ ቤተሰቦች ኪራዩ የሚቻል ቤት ማዘጋጀት ይፈልጋል። ሬኒየር ቫሊ ውስጥ በ1950ዎቹ የተሠራና ስድስት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ተገኝቷል። ታችኛው ቤት ለረጅም ጊዜ ላውንደሪ ነበር፤ ፎቁ ላይ አሥር ክፍሎች አሉ። ዋጋው ከአካባቢው በጣም ያነሰ ነው። ባለቤቱ “ቀለምና ምንጣፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ግን ሽያጩ በ30 ቀን ይለቅ” ብለዋል። ከቦርድ አባላት አንዱ ደግሞ “መጀመሪያ እንግዛና ከዚያ የመንግሥት ግራንት (የማይመለስ ድጋፍ) እንጠይቃለን” ይላሉ። እህታችን የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ሕንጻው ሊጸዳ ይችላል? ወጪውን ማን ይከፍላል? መርዝ ቢገኝበት ተጠያቂው እኛ ነን?

እህቴ፣ ሊጸዳ ይችላል፤ ከዚህ የባሰ ሲጸዳ አይቻለሁ። ለጽዳቱ የሚሆን ገንዘብም አለ። ሁለቱም የሚሆኑት ግን ቅደም ተከተሉን ካልሳታችሁ ነው፤ ስለዚህ የ30 ቀኑን ውል አትፈርሙ። “መጀመሪያ እንግዛ” የሚለው ሐሳብ በዚህ ሙያ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ውዱ ነው። እዚህ አገር ሕጉ የሚጠብቀው ሳይገዛ በፊት የጠየቀውን ሰው ነው። ገዝቶ የጠየቀውን መርዙን ራሱ እንዳፈሰሰው አድርጎ ነው የሚይዘው። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ” ያሉት አባቶች ይህን ሕግ ያረቀቁት ይመስል።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው። ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ባቡሩ በ2009 ከገባ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ባዶ ቦታ እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው። በዚህ ሰፈር ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይገዛው የቆመ ሕንጻ፣ ከእናንተ በፊት ሌሎች አይተውት፣ አስመርምረውት ወይም ባንካቸው እምቢ ብሏቸው እንደሄዱ ልትጠረጥሩ ይገባል። ባለቤቱን ሐሰተኛ ማለቴ አይደለም። ምናልባት ከአባታቸው የወረሱት ሊሆን ይችላል፤ ከወለሉ ሥር ያለውን እሳቸውም ላያውቁት ይችላሉ። ነገር ግን 30 ቀን ለዚህ ዓይነቱ ሕንጻ አይበቃም። ያንን ለእሳቸውም በትሕትና መንገር ይቻላል።

አሁን ወደ መርዙ። የሕንጻው መርዝና የመሬቱ መርዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መርማሪያቸውም፣ ሕጋቸውም፣ ወጪያቸውም ለየቅል ነው። ብዙ ሰው አንድ ምርመራ አስደርጎ ሁለቱንም ያየ ይመስለዋል።

የሕንጻውን በቶሎ ላልፈው፤ የሚታወቅ፣ ዋጋው የሚገመት፣ ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነውና። በ1950ዎቹ የተሠራ ቤት ቀለሙ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ነው ብላችሁ ተነሡ፤ ሊድ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። አስቤስቶስም (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ክር መሰል ማዕድን) አይጠፋም። ፎቁ ላይ ያለውን ምንጣፍ በአንድ ጥግ ገልጠው ይመልከቱ። ጎኑ 9 ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን የወለል ንጣፍ ካዩ፣ ንጣፉም ከሥሩ ያለው ጥቁር ማጣበቂያም አስቤስቶስ ሳይኖረው አይቀርም። እንዳይነቅሉት፤ ሳይሰበር እስከ ተቀመጠ ድረስ ችግሩ ትንሽ ነው። ጣሪያው ላይ ከወጡ ደግሞ ወርቃማ ቡናማ የሆነ፣ እንደ ጠጠር የሚንከባለል ቀላል ፍርፋሪ ተበትኖ ሊያዩ ይችላሉ። ቨርሚኩላይት ይባላል። በዚህ አገር ከተሸጠው አብዛኛው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ የተቆፈረ ነበር፤ ማዕድኑ በአስቤስቶስ የተበከለ ስለነበር በ1990 እስኪዘጋ ድረስ በየቤቱ ጣሪያ ገብቷል። በእግር አይረገጥም፤ በመጥረጊያም አይነካም። ከ1979 በፊት የተሠሩ የፍሎረሰንት መብራቶች ባላስት (ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክለው ዕቃ) ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ዘይት ሊኖር ይችላል። ስድስት ዓመት ተዘግቶ ጣሪያው ካፈሰሰ ሻጋታ፣ ሰው ሰብሮ ገብቶ ያደረበት ከሆነ መርፌም አለ። ማኅበራችሁ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ “ኑ በዘመቻ እናጽዳው” እንዳይል አደራ። በጎ ፈቃደኛ የሚገባው ፈቃድ ያለው መርማሪ ናሙና ወስዶ፣ ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር አስቤስቶሱን አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

የሚያሳስበኝ ከታች ያለው ነው።

የድሮ ላውንደሪ (ድራይ ክሊን) ብዙውን ጊዜ ልብስ ያጥብ የነበረው በውሃ አይደለም። ፐርክሎሮኢትሊን በሚባል ፈሳሽ ነው፤ ሠራተኞቹ “ፐርክ” ይሉታል። ውሃ የመሰለ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ቅባት የሚበላ ነገር ነው። ልብስዎን ከላውንደሪ አምጥተው ላስቲኩን ሲገፉ የሚሸትዎ ያ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ልብሱ ከማጠቢያው ወጥቶ ወደ ማድረቂያው የሚሄደው በሠራተኛ እጅ ነበር፤ እየተንጠባጠበ። ከማሽኑ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ደግሞ አጠገቡ ባለው የወለል ፍሳሽ ጉድጓድ ይደፋል። የፍሳሽ ቧንቧው መገጣጠሚያ በየሜትሩ ያፈሳል። 30 ዓመት፣ 40 ዓመት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጠብታ።

ፐርክ ከውሃ 1.6 እጥፍ ይከብዳል። ዘይት ከሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ታዩታላችሁ፣ ትቀዱታላችሁ። ፐርክ ግን የከርሰ ምድር ውሃውንም አልፎ ይሰምጣል፤ ሸክላ አፈር እስኪይዘው ድረስ ወደ ታች ይሄዳል፤ እዚያም ተኝቶ ለአሥርት ዓመታት ቀስ እያለ ይሟሟል። የመጠጥ ውሃ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። ይህ ማለት 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ አንድ ሚሊግራም ብቻ፤ ከአንድ የስኳር ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ። በዚህ ስሌት ላውንደሪው በዘመኑ ያንጠባጠበው አንድ ጀሪካን ምን ያህል ውሃ እንደሚያበላሽ አስቡት።

“እኛ የሲያትል የቧንቧ ውሃ ነው የምንጠጣው፤ የከርሰ ምድሩ ምን ያደርገናል?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃውን ባትጠጡትም አየሩን ትስባላችሁ። ፐርክ በቀላሉ ይተናል። ተኑ በአፈሩ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣና የኮንክሪት ወለል ያገኛል፤ ኮንክሪት ደግሞ ለተን ወንፊት ነው። በስንጥቁ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለው ክፍተት ይገባል። ክረምት ላይ ይብሳል፤ ቤቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በምትኩ ከመሬት ይስባል፤ እንደ ጭስ ማውጫ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) ሌላ ማስረጃ እስካልተገኘ ድረስ ከወለል በታች ካለው ተን 3 በመቶው ቤት ውስጥ እንደሚገኝ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ አረጋውያንና ወለል ላይ የሚድሁ ሕፃናት በሚኖሩበት ቤት ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። ፐርክ የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ ካንሰር ሊያመጣም ይችላል ተብሎ የተመደበ ነው።

አንድ ነገር ራስዎ ማየት ይችላሉ። ባለቤቱ ሲያስገቡዎ ወደ ኋላ ክፍል ይሂዱና ወለሉን ይዩ። አራት የዛጉ ቡሎኖች ከኮንክሪቱ ወጥተው ካዩ ማሽኑ የቆመው እዚያ ነው። በአቅራቢያው የፍሳሽ ጉድጓድ ካለ ፎቶ አንሥተው ይያዙት። ጥሩ መርማሪ የመጀመሪያውን ጉድጓድ የሚቆፍረው እዚያው ጎን ነው። ርካሽ መርማሪ ግን መኪናው በተመቸው በፓርኪንጉ በኩል ቆፍሮ “ንጹሕ ነው” ብሎ ይሄዳል፤ ይህንን ቀልድ እንዳይመስልዎ፣ ሪፖርቱን በእጄ ይዤ አይቻለሁ።

የሕንጻውን ታሪክ ደግሞ እስከ ሥሩ ማወቅ አለባችሁ። ላውንደሪ ብቻ ነበር ማለት ላይሆን ይችላል። ቤልቪው የሚገኘው የዋሽንግተን ስቴት ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለግብር ግምት የተነሡ የኪንግ ካውንቲ ሕንጻዎችን ፎቶ ይዟል። በመሬቱ መዝገብ ቁጥር (ፓርሰል ነምበር) ማዘዝ ይቻላል። የእናንተ ሕንጻ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ጥያቄው ታዲያ ከእሱ በፊት እዚያ ምን ነበር የሚለው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ “ከጥንት ጀምሮ ጫማ ቤት ነበር” ብሎ በሚምልበት ቦታ ፎቶውን ባዝዝ፣ በሩ ፊት ሁለት የነዳጅ መቅጃዎች ተገትረው አገኘሁ። ታንከሮቹ ከእግረኛ መንገዱ ሥር እስከዚያ ቀን ድረስ ተቀብረው ነበር።

ይህንን ሁሉ በሥርዓት የሚሠራው ጥናት “ፌዝ ዋን” (የመጀመሪያ ደረጃ) ይባላል። ቁፋሮ የለበትም፤ መዝገብ ማገላበጥ፣ የድሮ ካርታና የአየር ፎቶ ማየት፣ ሰው ማነጋገር፣ ቦታውን መጎብኘት ነው። ዋጋው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ “ፌዝ ቱ” ይከተላል፤ አፈር፣ ውሃና ከወለል በታች ያለ ተን ናሙና ይወሰዳል፤ ያ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ስለ ፌዝ ዋን ሰው የሚስታቸው ነገሮች አሉ። ባለቤቱ “እኔ ያሠራሁት አለ፤ ውሰዱት” ካሉ አመስግናችሁ ተቀበሉ፣ አንብቡት፣ ግን የራሳችሁን አሠሩ፤ ጥበቃ የሚሰጣችሁ በእናንተ ስም፣ ለእናንተ ግዢ የተሠራው ነው። ደግሞም ጊዜው ያልፍበታል፦ ቃለ መጠይቁ፣ የመዝገብ ፍተሻው፣ ጉብኝቱ እያንዳንዳቸው ንብረቱ በስማችሁ ከሚዞርበት ቀን በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የተደረጉ መሆን አለባቸው። ሰው ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን አይቶ ይቆጥራል። ሰዓቱ ግን መቁጠር የሚጀምረው ከሁሉም ቀድሞ ከተሠራው ክፍል ነው። በዚያ ላይ ፌዝ ዋን በመደበኛው አስቤስቶስ፣ ሊድ ቀለምና ሻጋታ አይመለከትም። እነዚያን ለብቻ ካላዘዛችሁ ማንም አያያቸውም።

ለምን ይህን ያህል በቀን እንጨቃጨቃለን? በ1980 የወጣው የሱፐርፈንድ ሕግ የተበከለ መሬት ባለቤት የሆነን ሁሉ፣ መርዙን ባያፈስስም፣ ተጠያቂ ያደርጋል። ይህ ሕግ በየከተማው ብዙ ሕንጻ ባዶ እንዲቀር ምክንያት ሆነ፤ ማን የሌላ ሰው ዕዳ ይግዛ? በ2002 ኮንግረስ አሻሻለው። ብክለት እንዳለ እያወቀ እንኳ የሚገዛ ሰው፣ ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ምርመራ ካደረገና ከገዛ በኋላ ጥንቃቄ ካደረገ፣ በፌዴራል ሕግ አይጠየቅም ተባለ። ፌዝ ዋን የዚህ ጥበቃ በር ነው። ከክሎዚንግ (ንብረቱ በስማችሁ ከዞረ) በኋላ ቢሠራ ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ጠበቆች ሳይቀሩ የሚዘነጉትን ልንገርዎ። ዋሽንግተን ስቴት የራሱ የብክለት ጽዳት ሕግ አለው፤ ሕዝቡ በ1988 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው፣ በምሕጻሩ “ሞትካ” እየተባለ የሚጠራው። ይህ ሕግ ቤንዚንና ናፍጣንም ይጨምራል፤ ፌዴራሉ ነዳጅን አውጥቶታል። ዋናው ልዩነት ግን፣ ያ የ2002ቱ ጥበቃ በስቴቱ ሕግ ውስጥ የለም። ብክለት እንዳለ አውቃችሁ ከገዛችሁ፣ ፌዝ ዋናችሁ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለስቴቱ ተጠያቂ ናችሁ። መውጫው ከመግዛት በፊት ከስቴቱ ኢኮሎጂ (የአካባቢ ጥበቃ) መሥሪያ ቤትና ከዐቃቤ ሕጉ ጋር የሚደረግ፣ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ የገዢ ስምምነት ነው። እናንተ እንዴት እንደምታጸዱት ቃል ትገባላችሁ፤ ስቴቱ ከዚያ በላይ ላይጠይቃችሁ፣ ሌላ ሰውም ለወጪ መጋራት ላይከሳችሁ ይስማማል። የሚሰጠው ገና ተጠያቂ ላልሆነ ሰው ነው። የገዛ ሰው ተጠያቂ ሆኗል፤ በሩ ተዘግቶበታል። ለዚህ ነው የቦርድ አባሉን ሐሳብ ውድ ያልኩት።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ጥቂት ብትራመዱ ማደክስ የሚባሉ ሁለት ሕንጻዎች ታያላችሁ፤ 166 አፓርታማ፣ ሁሉም በዝቅተኛ ገቢ ለሚኖሩ። ቦታው በአሮጌ ላውንደሪና በነዳጅ ማደያ የተበከለ ነበር። ማውንት ቤከር ሀውሲንግ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያን ስምምነት ከስቴቱ ጋር አድርጎ ነው የሠራው። ስቴቱም ከዚህ ተምሮ በተለይ ለተመጣጣኝ ኪራይ ቤት የሚውል የመሬት ጽዳት ድጋፍ ፈጠረ። ስለዚህ ኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት ስትደውሉ እንደ እብድ አይመለከቷችሁም፤ መንገዱን ያውቁታል። የመጀመሪያው ስልካችሁ ከደላላው በፊት እነሱ ጋ ይሁን።

የቦርድ አባሉ የሰሙት ነገርም ከመሬት የተነሣ እንዳልሆነ ልናገር፤ ግማሹ እውነት ነው። የኢፒኤ የጽዳት ግራንት ለማመልከት በእርግጥ የቦታው ባለቤት መሆን ያስፈልጋል። የ2018ቱ ሕግ ጣሪያውን 500,000 ዶላር አድርሶታል፤ የ2021ዱ የመሠረተ ልማት ሕግ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለዚህ ፕሮግራም ከመደበ ወዲህ ከዚያ በላይ መጠየቅ የተቻለባቸው ዓመታትም ነበሩ። ነገር ግን አመልካቹ ለብክለቱ ተጠያቂ እንዳልሆነ ማሳየት አለበት፤ ያም የሚታየው ከግዢው በፊት በተደረገ ምርመራ ነው። የምርመራ ገንዘብ ግን ባለቤትነት አይጠይቅም። ኢፒኤ ራሱ ኮንትራክተሩን ልኮ ፌዝ ዋንና ፌዝ ቱ በነጻ የሚያሠራበት ፕሮግራም አለው፤ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሊጠይቅ ይችላል፤ ባለቤቱ እንዲገቡ መፍቀድ አለባቸው። ጥቂት ወር ይፈጃል። የማኅበራችሁን ጥሪት ሳትነኩ መልሱን የምታገኙበት መንገድ ስለሆነ ግን ብትጠብቁ ያዋጣል።

ከጽዳቱ ቀጥሎ ግንባታው አለ። ለግንባታው የፌዴራል ቤቶች ገንዘብ ከጠየቃችሁ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃችኋል። ገንዘቡን ካመለከታችሁ በኋላ የአካባቢ ግምገማው ተጠናቆ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ መግዛት፣ ማፍረስም ሆነ ማደስ አይቻልም። በራሳችሁ ገንዘብም ቢሆን። አንድ ግድግዳ ብታፈርሱ ገንዘቡ ሊቀርባችሁ ይችላል። የሚፈቀደው በግምገማው ውጤት ላይ የተመሠረተ፣ ዋጋው ትንሽ የሆነ የአማራጭ ውል ነው። ለባለቤቱ የምታቀርቡትም ይህንን ነው፦ “ዋጋዎን እንቀበላለን፤ ለጊዜው ትንሽ ገንዘብ እንከፍልና የመግዛት መብቱን እንይዛለን፤ ገብተን ናሙና እንድንወስድ ይፍቀዱልን፤ ውጤቱ ካላማረን እንወጣለን።” ስንት ወር እንደሚያስፈልግ ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ እኔ ከአንድ ዓመት በታች አልልም። ባለቤቱ እምቢ ካሉ እሱም መልስ ነው። ሕንጻው ባዶ መሆኑ አንድ ነገር ያቀልላችኋል፤ የምታስወጡት ተከራይ የለም።

ጽዳቱ ራሱ ምን ይመስላል? እንደ ውጤቱ ነው። መርዙ ጥልቀት ከሌለው አፈሩ ተቆፍሮ ይወሰዳል። ወደ ታች ከሄደ ከአፈሩ ውስጥ አየሩ በቧንቧ እየተሳበ ይጣራል፤ ወይም ፐርክን የሚበሉ ባክቴሪያዎች እንዲራቡ የሚያደርግ ፈሳሽ ይወጋል፤ ይህ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሰው ግን እስከዚያ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ከወለሉ ሥር ቧንቧ ተዘርግቶ ጣሪያ ላይ ያለ ማራገቢያ ተኑን እየሳበ ወደ ሰማይ ይተፋዋል፤ ሥራው ቀላል፣ መብራቱም ርካሽ ነው። ቧንቧው ላይ እንደ ዩ ፊደል የታጠፈች፣ ቀይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ቱቦ ትሰቀላለች። ፈሳሹ በአንድ ወገን ከፍ ካለ ማራገቢያው እየሳበ ነው፤ በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ቆሟል። የሕንጻው ጥበቃ በየሳምንቱ ሊያያት ይገባል። ከዚያ የአየር ናሙና በ24 ሰዓት ይወሰዳል፤ አንዱን በክረምት አድርጉት። ናሙናው ሳይወሰድ ቁምሳጥን ፈትሹ፤ አንድ ጊዜ የጸዳ አፓርታማ ውስጥ ፐርክ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ስንጨነቅ ከርመን፣ የተከራዩ ሙሉ ልብስ ከላውንደሪ መጥቶ በላስቲኩ እንደ ተሸፈነ አልጋው አጠገብ ተሰቅሎ አገኘነው።

የኔ ፍርድ ምን ይሁን ካሉኝ፣ ይህንን ሕንጻ ለማደስ አላስብም። አሥር ክፍል ይህን ሁሉ ወጪ አይሸከምም፤ ወለሉን ሳያፈርሱ ከሥሩ መቆፈርም ከማፍረሱ ይከብዳል። የምትገዙት መሬቱን ነው። በባቡር ጣቢያ አካባቢ ከተማው ስንት ፎቅ እንደሚፈቅድ አጣሩ፤ ሃምሳ ወይም ስልሳ አፓርታማ ከወጣው የጽዳቱ ወጪ ሲከፋፈል ይቀልላል፤ ለተመጣጣኝ ኪራይ ቤት የሚሰጠው የታክስ ክሬዲትም፣ ሕዝቡ በ2023 ያጸደቀው የ970 ሚሊዮን ዶላር የከተማው የቤቶች ሌቪም (ለዚሁ የሚሰበሰብ ግብር) ትኩረት የሚሰጧችሁ ያኔ ነው። ለብቻችሁ ግን አትሞክሩት። ሬኒየር ጎዳና ላይ የሲያትል የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ 90 አፓርታማ ያለውን ኢትዮጵያን ቪሌጅን ለአረጋውያን የሠራው ሂዩማንጉድ ከተባለ ልምድ ካለው ድርጅት ጋር ተጣምሮ ነው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ከኔ ይልቅ እነሱ ብዙ ይነግሯችኋል።

ይህ ካልሆነላችሁና ወደ ደቡብ፣ ወደ ሲታክ ወይም ዴ ሞይን አካባቢ ሌላ ቦታ ብትፈልጉ ደግሞ፣ ላውንደሪ ባይኖርም አፈሩን አስመርምሩ። ታኮማ አጠገብ የነበረው የአሳርኮ መዳብ ማቅለጫ በጭሱ አርሴኒክና ሊድ የበተነው ከ1,000 ስኩዌር ማይል በላይ ነው። የጭስ ማውጫው በ1993 ቢፈርስም ያረፈው አመድ በላይኛው አፈር ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ምናልባት ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያመጣው ይህ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የነጋዴዎች የኃላፊነት ኢንሹራንስ ብክለትን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም ነበር። ኩባንያዎቹ የዘጉት በ1986 አካባቢ ነው። የድሮው ፖሊሲ ግን ጉዳቱ የደረሰው በሚሸፍነው ዘመን ከሆነ ዛሬም ሊከፍል ይችላል፤ በዚህ ስቴት ስንት የላውንደሪ ጽዳት የተከፈለው በ1970ዎቹ በተጻፈ አንድ ቢጫ ወረቀት ነው። የሚጠየቀው ላውንደሪውን ይሠሩ የነበሩት ወይም የሕንጻው የቀድሞ ባለቤቶች ፖሊሲ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከፈቀዱ በሽያጭ ውሉ ውስጥ መብቱን ለእናንተ እንዲያስተላልፉ ጠበቃችሁ ይጻፍበት። ነገ ሲደውሉላቸው ስለ ዋጋው ገና ሳያነሡ የሕንጻውን የድሮ የሒሳብ ወረቀቶች ይጠይቋቸው፤ የኢንሹራንስ ደረሰኝ፣ ከባንኩ የመጣ ደብዳቤ፣ የፖሊሲ ቁጥር የተጻፈበት ቼክ፣ ምንም ይሁን። ሰው ቤት ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ የሚጥለው ጋራዡ ውስጥ ያለውን ካርቶን ነው፤ እንዳይጥሉት ይንገሯቸው።